የተጭበረበረ ሒሳብ ከገንዘብ ያዧ ደመወዝ አይቆረጥ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሳይበር ጥቃት የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ስለ ባንኮችና ስለ ትልልቅ ተቋማት ናቸው። እኔ ሒሳብ የምሠራው ከአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ለሚገኙ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ነው። እዚህ አጭበርባሪው የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ የጭነት መኪና ይዞ ነው።

ገዥው ሲሚንቶና ብረት ያስጭንና ክፍያውን በሞባይል እንዳስተላለፈ ተናግሮ ስልኩን ለገንዘብ ያዧ ያሳያታል። የባንኩ ዓርማ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ የመደብሩ ባለቤት ስም፣ ሁሉም በቦታው አለ። እውነተኛው የገቢ መልእክት የሚደርሰው ግን በባለቤቱ ስልክ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል፤ ሲደወልለት አያነሳም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ አብሮ በሚደክምበት ሰፈራችን «መልእክቱ ዘግይቶ ነው» ቢባል ማን ይጠራጠራል? ጫኝና አውራጆቹ ጨርሰዋል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል፣ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቷ ታሳልፋቸዋለች። ገንዘቡ እንዳልገባ የሚታወቀው ማታ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ጉድለቱ በእሷ ስም ተይዞ በየወሩ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ ግማሹ ሲቆረጥም አይቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለበለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ቢቆረጥ እንኳ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ የፈረመችውን ወረቀት ስምምነት ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ቅጣቱ ንግዱንም አያድነውም። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አለ፤ የባለቤቱን ቴሌግራም ጠልፎ «ለዚህ ሒሳብ ቶሎ አስገባ» የሚልም አለ። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሒሳብ ሳይሻገር እንዲታገድ ባንኩ ወዲያውኑ ማወቅ አለበት። እንደሚያስከፍሉት የሚያውቅ ሠራተኛ ግን አይናገርም፤ ከዘመድ ተበድሮ ሊሞላ ሲሯሯጥ ያ ሰዓት ያልፋል። ጉድለቱ ከደመወዝ ስለሚተካም ለፖሊስ የሚያመለክት አይገኝም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል በወንጀል ያስቀጣል፤ አቤት ባይ ከሌለ ግን ማን ይጠየቃል?

ባለቤቶችን የምለምነው፣ የገቢ መልእክት የሚደርስበት ስልክ ከገንዘብ መቀበያው እንዳይለይ ነው። ገንዘቡ በመደብሩ ሒሳብ መግባቱ ሳይታይ ዕቃ እንዳይወጣ በጽሑፍ እዘዙ። ትእዛዙን አክብራ ገዥውን ያስቆመችውን ልጅ ደግሞ «ደንበኛ ታባርሪያለሽ» ብላችሁ በሰው ፊት አትቆጧት። ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አለቃን መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚታይበት ቤት ለአጭበርባሪው በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ባንኮችም የገቢ መልእክቱ፣ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ሳይኖረው፣ በገንዘብ ያዧም ስልክ እንዲደርስ ለትንንሽ ነጋዴዎች ቢያመቻቹ መልካም ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ እነዚህ መደብሮች ሲመጡ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን አስቀርበው «ጉድለት» ተብሎ የተቆረጠውን ይመርምሩ። ጋዜጣችሁም ገንዘብ ያዦቹን ራሳቸውን እንዲያነጋግር እጠይቃለሁ።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከቱሉ ዲምቱ