ስሜን የከለከላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ

ለንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥራ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ኃላፊ፣

ጉዳዬን በቃል ተናግሬያለሁ፤ በማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ቢሮዎ ደጃፍ ቆሜ ጠብቄያለሁ። መልስ የሰጠኝ የለም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልዎ ከተማው እያነበበው ነው።

እናቴ ያሳደገችን ከፊራ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም በሙቀጫ እየወቀጠች ስትሸጥ ነው። ደንበኛው በስሟ አይጠራትም፤ «ባለ ሙቀጫዋ» ነው የሚላት። ከመጋላ የሚመጣውም፣ ከከዚራ የሚወርደውም፣ ወደ ጅቡቲ ከመሳፈሩ በፊት ሚጥሚጣ የሚይዘውም የሚጠይቀው እሷን ነው። ጉልበቷ ሲደክም ሥራውን ተረከብኩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን ይዤ «ባለ ሙቀጫዋ ባልትና» የሚለው የንግድ ስም እንዲመዘገብልኝ አመለከትኩ።

ተከለከልኩ። በመስኮት የተነገረኝ ምክንያት «ይመሳሰላል» የሚል ብቻ ነው። ከማን ስም ጋር? የትኛው ከተማ ያለ፣ ምን የሚሸጥ ድርጅት ነው? ስጠይቅ «ሌላ ስም አምጪ» ተባልኩ። ጠንከር አድርጌ ስጠይቅ ደግሞ የንግድ ምልክት እንዳስመዘግብ አዲስ አበባ ላኩኝ። የንግድ ምልክት የአንዱን ዕቃ ከሌላው የሚለይ፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚመዘገብ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የጠየቅኩት ንግዴ የሚጠራበትን የንግድ ስም ነው፤ ልዩነቱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሳቢያን በሚወስደው መንገድ አዲስ ታፔላ ተሰቀለ። «ባለ ሙቀጫዋ» የሚለው እንዳለ ነው፤ ከኋላው አንድ ቃል ብቻ ተጨምሮበታል። ገብቼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፈቃድ በዓይኔ አነበብኩ። የተሰጠበት ቀን እኔ ከተከለከልኩ በኋላ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ የእኔን የከለከለ ቀዳሚ ስም ካለ የእሱንም መከልከል ነበረበት። ከሌለ ደግሞ እኔ በምን ተከለከልኩ? ነጋዴውን አልከስም፤ አመለከተ፣ ተፈቀደለት። የምጠይቀው የፈቀደለትን ነው።

አዋጅ ቁጥር 980/2008 ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም በሚያሳስት ደረጃ የሚመሳሰል ስም እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ እኔም እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ። ግን የደረሰው ሌላ ነው። የቆየች ደንበኛችን «በርበሬው እንደ ድሮው አይደለም» ብላ እናቴን ወቀሰቻት። የገዛችው ግን ከእኛ ሳይሆን ከዚያኛው ሱቅ ነበር። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሕጉ ሊከላከለው የወጣው መሳሳት በእናንተው ፊርማ ቤታችን ገባ።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደርንም ይመለከታል። ውሳኔ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የእኔ ክልከላ ግን በወረቀት ላይ የለም። ወረቀት የሌለው ክልከላ ይግባኝ አይባልበትም፤ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ብሄድም የማሳየው ነገር የለኝም። በቃል ብቻ መመለስ ሰውን መብቱን መንጠቅ ነው። ከእኔ በፊት ተሰልፈው «ይመሳሰላል» ተብለው የተመለሱ ሴቶች አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ተከራክረው አያውቁም፤ ስማቸውን ትተው የተነገራቸውን ይዘው ሄደዋል።

እኔ አልሄድም። ማመልከቻዬ የተከለከለበት ምክንያት ተመሳሰለ የተባለው ስም ተጠቅሶ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት ይሰጠኝ። ከእኔ በኋላ የተፈቀደው ስም በምን መስፈርት እንደታለፈም ይገለጽልኝ። መልሱ አላሳመነኝም ካልኩ ወረቀቱን ይዤ ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ካልሰጣችሁኝም አለመስጠታችሁን ይዤ እሄዳለሁ።

ከፊራ ገበያ የምትሠራ የባልትና ነጋዴ
ድሬዳዋ