የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጢስ ዓባይና የውሃ ልኬት

ክበባችን ዘንድሮ ትኩረቱን ጢስ ዓባይ ላይ አድርጓል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ፏፏቴ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሌላው ቢቀር በድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ አይቶታል። ችግሩ ጉዞው የሚታቀደው የመማሪያ ካላንደር ታይቶ እንጂ ውሃው ታይቶ አለመሆኑ ነው።

ፏፏቴው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ሆኖም ዝናብ ብቻውን አይወስንም። ከጣና የሚወጣውን ውሃ የጨረጨራ ግድብ በሮች ይቆጣጠሩታል፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች (የመጀመሪያው በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩ) ከገደሉ በላይ ይጠልፉታል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ጢስ ዓባይ ከተማ ደውሎ የውሃውን ሁኔታ መጠየቅ ይበጃል። ውሃ ባነሰ ቀንም ጉዞው ከንቱ አይደለም፤ ጥቁሩ የባዛልት ገደል ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው።

አባላት በብዛት የሠሩት የጅረት ፍሰት ልኬት ነው፤ ከጉልበት በታች በሆነ ጅረት ብቻ፣ ዓባይ ላይ በፍጹም አይሞከርም። ቀጥ ያለ ቦታ ተመርጦ 10 ሜትር በገመድ ይለካል። ብርቱካን ከመነሻው መስመር 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይጣላል፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ የውሃውን ፍጥነት ይይዛል። ባዶ ሃይላንድ አይሆንም፤ ነፋስ ይነዳዋል፤ ብርቱካን ግን አብዛኛው አካሉ ስለሚሰምጥ ከውሃው ጋር ይሄዳል። 10 ሜትሩ ብርቱካኑ በፈጀበት ሰከንድ ሲካፈል ፍጥነቱ ይገኛል፤ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ እየተደጋገመ አማካዩ ይወሰዳል። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር፣ የብርቱካኑ ፍጥነት በሰከንድ 0.5 ሜትር ቢሆን ፍሰቱ (ስፋት × ጥልቀት × ፍጥነት × 0.85) በሰከንድ 0.51 ሜትር ኩብ ነው።

ስሕተት የሚበዛው ጥልቀት ላይ ነው። የመለኪያው ዘንግ ጭቃ ውስጥ እየገባ ቁጥሩን ያጋንናል፤ ጫፉ ላይ የጣሳ ክዳን ቢቸነከርበት አይሰምጥም።

በሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ አልፎ ያለው አቀበት ክረምት ላይ ያንሸራትታል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ ተማሪ አይሄድም። ስልክ በፌስታል ይጠቀለል፤ ርጭቱ ሩቅ ይደርሳል። ቀስተ ደመና ማየት የፈለገ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቁም።

ለመጪው ዓመት አባላት ዘንጉና ገመዱ ጂኦግራፊ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ክዳኑ ዝጎ ስለላላ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ይቀየር።