«ስትመለሺ እናየዋለን» ለልውውጥ ተማሪ መልስ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በትምህርት ልውውጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ወደ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች ስለሚቀስሙት ዕውቀትና ልምድ ብዙ ይጻፋል። እኔም የዕድሉ ተካፋይ ስለነበርኩ የሚጻፈው እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ተማሪው ተምሮ፣ ተፈትኖና አልፎ ያመጣው ውጤት በራሱ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚገጥመው ግን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የሄድኩት የኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብደውኝ ነበር። በሴሚናሩ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ መምህሩ ገለጻ ስለማያደርጉ፣ ለሳምንቱ የተሰጠውን ጽሑፍ ሳያነብ የመጣ ሰው መደበቂያ የለውም። በሴሚስተሩ ማብቂያ ለቃል ፈተና ስቀርብ ፎርሙላውን ከነአመጣጡ በቃሌ ይዤ ገባሁ። ፈታኙ ግን ግራፍ የተሳለበት አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ይህ ሞዴል የማይሠራው መቼ ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ ስለማያውቅ ወረቀቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ቀስ በቀስ መናገር ስጀምር እሳቸውም በሌላ ጥያቄ እያገዙኝ ሃያው ደቂቃ ሳይታወቀኝ አለቀ። ዛሬም በሥራዬ ላይ አንድ ጥናት ሲቀርብልኝ በቅድሚያ የምጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲዬ ስመለስ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ትራንስክሪፕቴን በመስኮቱ በኩል ተቀብላ በኮርሶቹ ስም ላይ ጣቷን እያሳረፈች ወረደችና፣ «እነዚህ በእኛ ካሪኩለም ውስጥ የሉም» አለችኝ። ትምህርት ክፍሉ ደግሞ የየኮርሱን አውትላይን አምጪ አለኝ፤ እኔ ግን ይዤው አልመጣሁም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ካለፍኳቸው አምስት ኮርሶች የተቆጠሩልኝ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ምረቃዬም በአንድ ሴሚስተር ዘገየ። ከመሄዴ በፊት ጉዳዩን አንስቼ ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ ግን «ሂጂ፣ ስትመለሺ እናየዋለን» የሚል የቃል መልስ ነበር።

ችግሩ የቆየ ነው። ሶፊያ ኮራዲ የተባሉት ጣሊያናዊት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ማስተርሳቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ የሮም ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ሳይቆጥርላቸው ቀርቷል። ያ ቅሬታ ለዓመታት ወደ ቆየ ውትወታ ተለውጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለተጀመረው ኤራስመስ ለተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም መንገድ ከጠረጉት ጥረቶች አንዱ ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች የተሳተፉት 3,244 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ለአጭር ጊዜ እንዲልኩና እንዲቀበሉ ተፈቅዷል። ስለዚህ ጉዳዩ የአውሮፓውያን ብቻ አይደለም።

ውጤት ከሚያስጥሉ ምክንያቶች አንዱ የክሬዲት አቆጣጠር ልዩነት ነው። በአውሮፓ አሠራር የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ሥራን ይወክላል። በዚህ ውስጥ ክፍል የሚቆዩበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ንባቡ፣ የቤት ሥራውና የፈተና ዝግጅቱ ሁሉ ይገባል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ሴሚናር የክፍል ሰዓትን ብቻ ለሚቆጥር ቢሮ ቀላል መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። የውጤት አሰጣጡም እንዲሁ ያሳስታል። በጀርመን ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት 1.0 ሲሆን 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው፤ ስለዚህ 1.3 ያመጣ ተማሪ እጅግ ጥሩ ሠርቷል ማለት ነው። በፈረንሳይ ከ20 ታስቦ ማለፊያው 10፣ በጣሊያን ከ30 ታስቦ ማለፊያው 18 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውጤቱ ይሻላል ብሎ የለመደ ሰው የጀርመኑን ትራንስክሪፕት ያለ ማብራሪያ ቢያነበው ጎበዙን ተማሪ ሊጥለው ይችላል።

የትምህርት ክፍሎች ስጋት መሠረት እንዳለው አልክድም። ለቀጣይ ኮርሶች መነሻ የሚሆን ትምህርት ሳይመረመር ይታለፍ ማለት ተማሪውን ራሱን መጉዳት ነው። ምርመራው ግን ከጉዞው በፊት ይሁን፤ መለኪያውም የኮርሱ ስም ሳይሆን ተማሪው ጨርሶ ሲወጣ የሚያውቀው ነገር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የሊዝበን ስምምነት በውጭ የተጠና ትምህርት መሠረታዊ ልዩነት እስካልታየበት ድረስ ዕውቅና ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል፤ ልዩነቱን የማስረዳት ኃላፊነትም የጣለው በገምጋሚው አካል ላይ ነው። በእኔ ጉዳይ ኃላፊነቱ ተገልብጦ እኔው ላይ ወድቆ ነበር።

በኤራስመስ አሠራር ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ከጉዞው በፊት የሚፈራረሙት የትምህርት ስምምነት አለ። የትኛው ኮርስ በየትኛው ፋንታ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ይሰፍርበታል፤ እዚያ ተደርሶ የተመረጠው ኮርስ ቢሰረዝ ወይም ሰዓቱ ቢጋጭ፣ ለውጡም በሦስቱ ፊርማ ይጸድቃል። እኔም ከደረስኩ በኋላ ሁለት ኮርሶች ለመቀየር ተገድጄ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአማካሪዬ ጽፌ መልስ የማገኝበት ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ከመመለሴ በፊት ነገሩ ባለቀ ነበር።

እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት የሚጎዳው ከሁሉ በላይ አቅም የሌለው ተማሪ ነው። ቤተሰቡ ተጨማሪ የሴሚስተር ወጪ መቻል የሚችል ተማሪ መዘግየቱን ይቋቋመዋል፤ ሌላው ግን ዕድሉ እጁ ከገባ በኋላ እንኳ ይተወዋል። የሚሄዱትም ቢሆኑ፣ ስሙ ከራሳቸው ካሪኩለም ጋር የሚመሳሰለውን ኮርስ ብቻ እየመረጡ፣ በአገራቸው የማያገኙትን ትምህርት ትተው ይመለሳሉ። ይህን ያደረጉ ጓደኞች ስላሉኝ በቅርብ አውቀዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎች ከማንም ተማሪ ጉዞ በፊት በትምህርት ክፍል ኃላፊና በሬጅስትራር የተፈረመ የኮርስ ዝርዝር እንዲሰጡ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። ለጉዞ በመዘጋጀት ላይ ያላችሁ ተማሪዎችም ፊርማውን ሳትይዙ አትነሱ፤ የየኮርሱን አውትላይን፣ የንባብ ዝርዝርና የሠራችኋቸውን ጽሑፎች ሰብስባችሁ ተመለሱ። የእኔ ሦስት ኮርሶች የቀሩት ይህ ወረቀት በእጄ ስላልነበረ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልውውጥ ተማሪ