የታክስ ክርክር በዩቲዩብ አይረታም

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ፤ ኡበር እነዳለሁ። ዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ከአንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ የመጣ ነው። የገቢ ግብር ሕገ ወጥ ነው፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭም የግል ባንክ ነው፣ ስለዚህ አትክፈሉ! አንድ ወዳጄ አምኖ 1040 የሚባለውን የዓመት ግብር ማሳወቂያ ቅጽ በየመስመሩ ዜሮ ሞልቶ ላከው። የ5,000 ዶላር ቅጣት መጣበት።

ወሬው ሰው የሚያሳምነው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። በ1895 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የገቢ ግብርን በእርግጥም ሽሮት ነበር። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያቆማል። በ1913 ሕገ መንግሥቱ በ16ኛው ማሻሻያ እንደተቀየረ፣ በ1916 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ግብሩን እንዳጸደቀው አይነግራችሁም።

የፌዴራል ሪዘርቩ ነገር ደግሞ ያስቃል። «የግል ባንክ ነው» ለማለት የሚጠቅሱት የ1982 ውሳኔ የመኪና አደጋ ክስ ነው። የአንድ ሪዘርቭ ባንክ መኪና ሰው ገጨ፤ የተጎዳው መንግሥትን ካሳ ጠየቀ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለዚያ የካሳ ሕግ ሲባል ባንኩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተብሎ አይቆጠርም አለ። በቃ ይኸው ነው። ከእኛ ከሾፌሮች በላይ ይህ ለማን ይገባ ነበር? ደግሞስ ግብሩን የጣለው ኮንግረስ እንጂ ባንኩ መቼ ሆነ?

አንድ ፓይለትም «የገቢ ግብር ሕገ ወጥ ነው» ብሎ ባለመክፈሉ ተከሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1991 ፍርድ ቤቱ ሕጉን ከልቡ በስህተት የተረዳ ሰው ሆን ብሎ አጠፋ አይባልም አለ። «አትክፈሉ» ባዮቹ ይህችን ብቻ ይዘው ጨፈሩ። ሕጉን እያወቁ «ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ማለት ግን እንደማያድን ያው ውሳኔ ይናገራል። ሰውዬው እንደገና ቀርቦ ተፈረደበት።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወዳጄ እውነተኛ ክርክር ነበረው። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ለሥራ የነዳውን ማይል እንደ ወጪ ሳይቀንስ በጠቅላላ ገቢው ላይ ታክስ አስልቶ ደብዳቤ ልኮለታል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ገንዘቡን ሳይከፍሉ፣ ያለ ጠበቃም ቢሆን፣ በ90 ቀን ውስጥ የግብር ክርክር ለሚያየው ፍርድ ቤት፣ ለታክስ ኮርት፣ አቤት ማለት ይቻላል። ማመልከቻው 60 ዶላር ነው። በዓመት ከ50,000 ዶላር ለማይበልጥ ክርክር ቀለል ያለ ሥርዓትም አለ። እሱ ግን «መልስ አትስጧቸው» ተብሎ ፖስታውን አልከፈተውም። ከካምሪው የበር ኪስ ውስጥ፣ ከቡና ደረሰኞች ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቀኑን አብረን ቆጠርን። 97ኛው ቀን ነበር።

ስለዚህ የ90 ቀን ደብዳቤ በአማርኛ አንድ ገጽ ብታወጡልን፣ ኮፒ አድርጌ ወረፋው ላይ የማድል እኔው ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሾፌር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ