ከሊንከን ወንበር ባሻገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ከዋይት ሀውስ በእግር ጥቂት እንደሄዱ፣ የኒውዮርክ አቬኑ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን ያገኛሉ። ስሙ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው አብርሃም ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን እዚያ ያመልኩ እንደነበር ነው። ሕንጻው በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደ አዲስ ቢሠራም የሊንከን ወንበር ዛሬም አለ። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ምእመናኑ ለከተማው ሰው የሚያደርጉት ነገር ነው። እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ቁርስ ያቀርባሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የዲሲ ተማሪዎችን ያስጠናሉ። አንድ ተማሪ ከአንድ አስጠኚ ጋር፣ ማታ ማታ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። የቤት ሥራ የሚያግዘው አጥቶ የሚቸገር ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወላጅ ሁለት ሥራ እየሮጠ ልጁን መቼ ያስጠናል?

በዚህ ከተማና በዙሪያው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። ኮሌጅ የጨረሱ ልጆችም ሞልተውናል። አብያተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን አዳራሽ አላቸው፤ በሥራ ቀን ማታ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። እባካችሁ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ለማስጠኛ እንክፈታቸው። ጋዜጣችሁም ጥሪውን ያስተላልፍልን።

አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ