ገመዱን ተዪው፣ ልጄ

ልጄ፣ ወንድምሽ ትናንት ማታ ነገረኝ። «እኔ ነገርኩህ እንዳትላት» ብሎኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አውሮፕላኑ ወደኋላ እየተገፋ ሳለ ከካፒቴኑ ጋር የምትነጋገሪበት የሄድሴትሽ ገመድ ተነቀለ፣ አንቺም መልሰሽ ልትሰኪው ወደ ፊት ጎማው ሮጥሽ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። እናትሽ አልሰማችም፤ እንዳታነሺባት።

የሚንቀሳቀስ ጎማ አጠገብ ለምንም ነገር አትጠጊ። ገመድ ቢነቀል ይነቀል። አውሮፕላኑን የሚገፋው ትራክተር ሹፌር በሚያይሽ ቦታ ሁነሽ ሁለት እጅሽን ከራስሽ በላይ አጣምሪ፤ ትራክተሩን ቀስ አድርጎ ያቆመዋል። ካፒቴኑ ፍሬን መያዙን በእጁ እስኪያሳይሽ ድረስ ከቆምሽበት አትነቃነቂ፤ የተዘረጋ መዳፍ ሲጨበጥ ተይዟል፣ ጭብጡ ሲፈታ ተለቋል ነው። ስትራመጂም ከጎማውና ትራክተሩን ከአውሮፕላኑ ጋር ከሚያያይዘው ብረት፣ ከቶውባሩ፣ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ራቂ። ገመዱ ካጠረ ረዘም ያለ ጠይቂ። ትርፉን ደግሞ እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፤ ጎማው ከረገጠው አንቺንም ይዞሽ ይሄዳል።

የኔም ጥፋት አለበት። «ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ» እያልኩ አሳደግሁሽ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ካፒቴኑ ከላይ ተቀምጦ ጭራውንም የፊት ጎማውንም አያይም። ከሁሉም በፊት «አቁም» ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ተሳስተሽ ብታስቆሚ ሁለት ደቂቃ ነው የሚጠፋው፤ ማን ይቆጣሻል? ቢቆጣሽስ?

ካፒቴኑ «እሺ» ቢልሽ መልስ አይደለም። የቱን ነው እሺ ያለው፣ የጎማው ታኮ መነሳቱን፣ የታወሩን (የመቆጣጠሪያ ማማውን) ፈቃድ ወይስ ፍሬኑን? እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ ከታወር የተሰማ አንድ «እሺ» ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ስለዚህ «ፍሬን ተለቋል» የሚለውን ሙሉ ቃል ከአፉ ሳትሰሚ ለሹፌሩ ምልክት እንዳትሰጪ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዴት እንዲዞር እንደተፈቀደም መልሰሽ ንገሪው።

ግፊቱ ከተጀመረ ካፒቴኑ ፍሬን አይነካም፤ ከነካ የፊት እግሩ ይጎዳል፣ ቶውባሩም ሊሰበር ይችላል። ይህ የማይሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሹፌሩ የፊት ጎማውን ከመዞሪያ ወሰኑ፣ ከቀዩ መስመር፣ አሳልፎ ካጠማዘዘ ጫና ሲበዛ እንዲቆረጥ የተሠራው የቶውባሩ ፒን ይቆረጣል፣ አውሮፕላኑም ብቻውን ይንከባለላል። ያን ጊዜ «ፍሬን ያዝ!» ማለት ያንቺ ሥራ ነው፤ ካፒቴኑም ለስለስ አድርጎ ይይዛል። ጮክ ብለሽ፣ በሄድሴቱ። ወደ ጎማው ሮጠሽ አይደለም! እንዳትጠጊ አልኩሽ እኮ።

ስለ ባይፓስ ፒኑ፣ የፊት ጎማውን ከካፒቴኑ መሪ ስለሚያለያየው ብረት፣ ደግሞ ሳልነግርሽ ብቀር ይከነክነኛል። ቶውባሩ ከመያያዙ በፊት ይገባል። ሳይገባ ጎማውን የሚያዞረው ሃይድሮሊክ ግፊት ካገኘ ጎማው በራሱ ይዞርና ቶውባሩ እንደ ዱላ ይወናጨፋል፤ ያገኘውን እግር ይሰብራል። በመጨረሻም «ፍሬን ተይዟል» ሲባል ቶውባሩ ይፈታል፣ ፒኑ ይወጣል፣ ሄድሴቱ ይነቀላል፤ አንቺም ወደ ጎን ወጥተሽ ፒኑን ከፍ አድርገሽ ለካፒቴኑ ታሳዪዋለሽ። ፒኑ ላይ የታሰረውን ቀይ ሪባን ብቻ አታሳዪ፤ ሪባኑ ተበጥሶ እጅሽ ላይ ሲቀር ብረቱ እዚያው ተሰክቶ ሊቀር ይችላል። ብረቱን ራሱን በጣትሽ ዳብሺው። ካፒቴኑ እጁን ሳያነሳልሽ እንዳትሄጂ።

የኔ ዓለም፣ ተቆጣሁ አይደል? ጎበዝ መሆንሽን አውቃለሁ፤ የሮጥሽውም ሥራው እንዳይበላሽ ብለሽ ነው። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው፣ ለሥራው ስትዪ መሮጥሽ።

ነገ ከፈረቃ ስትወጪ ደውዪልኝ። የጫማሽን ሶል ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ጥርሱ ካለቀ እርጥብ ራምፕ ላይ ያንሸራትትሻል። ዛሬውኑ ላኪ፣ ነገ አትበዪኝ።

አባትሽ