ከፌብሩዋሪ 15 ወደ ማርች 3 የዘለለው ዘገባችሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ኬትሊን ክላርክ ያወጣችሁትን ረጅም ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያውን ከ13 ዓመት ልጄ ጋር ነው። የምንኖረው ዊቺታ፣ ካንሳስ ነው። አማርኛ የማስተምራት እኔው ነኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ። ቅርጫት ኳስ ነፍሷ ስለሆነ ይቺን እንኳን ሳትሰለች ታነባለች ብዬ ሰጠኋት። እየተንተባተበች፣ አንዳንዱን ፊደል እየጠየቀችኝ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ከዚያ ቀና አለችና «ማሚ፣ ሊኔት እኮ የለችም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የከተማችን ልጅ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ሊኔት ዉዳርድ የለችም።

ዘገባችሁ ክላርክ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያሳለፈችውን ጊዜ ሲተርክ በቀን በቀን ይሄዳል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 የሴቶቹን ክብረ ወሰን ይዛ የነበረችውን የኬልሲ ፕለምን 3,527 ነጥብ አለፈች። ማርች 3 የወንዶቹን ክብረ ወሰን የያዘውን የፒት ማራቪችን 3,667 አለፈች። በ3,951 ነጥብ ስትጨርስ ደግሞ በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ የሚበልጣት የለም ትላላችሁ። መሃል ላይ ያለው ፌብሩዋሪ 28 የት ገባ? ያን ምሽት ክላርክ ሚኒያፖሊስ ላይ፣ ያውም ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ከተማ፣ የሊኔት ዉዳርድን 3,649 ነጥብ አለፈች። የክላርክ አሠልጣኝ የነበረችው ሊሳ ብሉደር ራሷ ከ1982 በፊት የተጫወቱትን ሴቶች አለመቁጠር ስህተት ነው ብላ በአደባባይ ተናግራለች። እናንተ ግን ዘላችሁት አለፋችሁ።

ምክንያቱ ይገባኛል። ዉዳርድ ለካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተችው ከ1977 እስከ 1981 ነው። በዚያን ጊዜ የሴቶችን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤአይኤደብሊው የሚባል ማኅበር ነበር። ዛሬ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ ለሴቶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ማዘጋጀት የጀመረው በ1981/82 የውድድር ዘመን ነው፣ እሷ ከተመረቀች በኋላ። ኤአይኤደብሊውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ኤንሲኤኤ ውድድሩን ወረሰ፣ መዝገቡን ግን ደጅ ጣለው። የዉዳርድ 3,649 ነጥብም እዚያው ደጅ ቀረ።

ኦፊሴላዊውን መዝገብ ነው የተከተልነው ትሉ ይሆናል። እሺ። እንግዲያው «የኤንሲኤኤ ክብረ ወሰን» ብላችሁ ጻፉት። ሁለት ቃል ነው። «በታሪክ» ካላችሁ ግን ታሪኩን መቁጠር አለባችሁ። ታሪኩ ከተቆጠረ ደግሞ አንደኛዋ ክላርክም አይደለችም፣ ዉዳርድም አይደለችም። ፐርል ሙር ናት። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ መጀመሪያ አንደርሰን፣ ከዚያ ፍራንሲስ ማሪዮን በሚባሉ ትንንሽ ኮሌጆች ተጫውታ በ1979 ስትጨርስ 4,061 ነጥብ ነበራት። 4,061 ከ3,951 ይበልጣል። ይህን ለማወቅ የስፖርት ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ማራቪች ነው። በ1970 ኮሌጅ ለጨረሰ ወንድ ሁለት አንቀጽ ሰጥታችኋል። በእሱ ዘመን ከሩቅ ለገባ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያሰጠው መስመር አልነበረም ብላችሁ ተቆርቁራችሁለታል። ደግ አደረጋችሁ። ታዲያ ለዉዳርድስ ማን ይቆርቆርላት? ለሴቶች ኮሌጅ ይህ መስመር የመጣው በ1987 ነው። ክላርክ 548 ጊዜ ከመስመሩ ውጭ አስገብታለች። ዉዳርድ አንድም የላትም፣ ሊኖራትም አይችልም። የምትጫወተውም በወንዶቹ ትልቅ ኳስ ነበር። የሴቶቹ አነስ ያለ ኳስ ገና አልመጣም። የ1970ው ወንድ ትዝ ካላችሁ የ1981ዋ ሴት እንዴት ጠፋችባችሁ?

ክላርክን አልጠላም። ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ሆነን የጮህነውን ጎረቤቶቻችን ይመስክሩ። ያንን የማርች 3 ግጥሚያ ዉዳርድ ራሷ አዳራሹ ውስጥ ተገኝታ ነው ያየችው። ዘገባችሁ እዚያም አላያትም።

ሊኔት የዊቺታ ልጅ ናት። ትንሽ ሆና ከወንድሟ ጋር ትጫወት የነበረው በተጠቀለለ ካልሲ ነው። የካልሲ ኳስ! ይህን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል? እኛስ በምን አደግን? ያቺ ልጅ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራቱንም ዓመት ከአገሪቱ ምርጦች ተርታ ተመረጠች። በአማካይ በየጨዋታው 26 ነጥብ ታስቆጥር ነበር። 31 ቁጥር ማሊያዋን ዩኒቨርሲቲው ለክብሯ ሰቅሎታል። በ1980 ለሞስኮ ኦሊምፒክ ተመርጣ አሜሪካ ውድድሩን አልሳተፍም ስላለች ቀረባት። አራት ዓመት ጠብቃ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የቡድኑ አምበል ሆና ወርቅ ወሰደች። በ1985 ቅርጫት ኳስን በትርኢት መልክ እያሳየ ዓለምን የሚዞረውን ቡድን ሃርለም ግሎብትሮተርስን የተቀላቀለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጣሊያንና ጃፓን ሄዳ ተጫውታለች። የሴቶቹ ሊግ ደብሊውኤንቢኤ በ1997 ሲጀመር 38 ዓመት ሊሞላት ነበር፣ ገብታ ተጫወተች። በ2004 የቅርጫት ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ገባች። ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር ጠፋ?

ለምን እንዲህ እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። እኔ አዲስ አበባ 9 ዓመት አስተምሬያለሁ። የክፍል ተማሪዎቼ ከ60 በላይ ነበሩ፣ ብዙዎቹን ዛሬም በስም አውቃቸዋለሁ። እዚህ እንደመጣሁ ማስረጃዬን አስተርጉሜ፣ ገንዘብ ከፍዬ አንድ መሥሪያ ቤት አስገባሁ። ሦስት ወር ጠብቄ የመጣልኝ መልስ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሠራሁበት ትምህርት ቤት ዝርዝራቸው ውስጥ ስለሌለ 9 ዓመቴ አይቆጠርም። አላስተማርሽም አላሉኝም። አይቆጠርም ነው ያሉት። ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ሌላ ሥራ ጀመርኩ። አንባቢዎቻችሁ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ስንት ሰው አለ? ነርሱ፣ አካውንታንቱ፣ መሐንዲሱ? ለዚህ ነው ከማንም ጋዜጣ በፊት እናንተ ይገባችኋል ብዬ የጠበቅኩት።

ደግሞ ስለ አሜሪካ ስትጽፉ ሁሌ ዲሲ፣ ሁሌ አትላንታ ነው። ካንሳስም ሰው አለ። በአማርኛ የሚያነብ፣ ለልጁ የሚያስነብብ ሰው አለ።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። «በታሪክ» የሚለውን «በኤንሲኤኤ» ብላችሁ አስተካክሉት። ፌብሩዋሪ 28ን ቦታዋ መልሷት። የሊኔት ዉዳርድንና የፐርል ሙርን ስም ከነነጥባቸው ጻፉ። ልጄ ዘገባችሁን አትማ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች፣ በሁለቱ ቀኖች መሃል በእርሳስ «3,649» ብላ ጽፋበታለች። የተስተካከለው ሲወጣ እሱንም አስነብባታለሁ።

የልጅ እናት፣ ከዊቺታ